የሩቅ ትምህርት ቤት ዘመን

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በአገራችን የትና እንዴት መማር እንደ ጀመሩ፣ ነገሩስ ዛሬ የት እንደ ደረሰ ይመለከታል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በሰፈራችሁ መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ቤተሰብ ካለ ጥሩልኝ። የሬዲዮ ነገር ሆኖ ይህ ዝግጅት ለልጁ በቀጥታ አይደርሰውም፤ እናትና አባቱ ግን ሰምተው ሊነግሩት ይችላሉ።

እስቲ ከአንድ ጥያቄ እንነሳ። የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ገደማ፣ በጉራጌ ምድር ከቸሃ መንደሮች በአንዱ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ በኩፍኝ ታሞ ዓይኑን አጣ እንበል። እኩዮቹ ጠዋት ጠዋት ጀፎረውን፣ የመንደሩን ሰፊ መንገድ፣ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። እሱስ የት ይሂድ? በዚያ ዘመን መልሱ ሁለት ነበር። ወይ የትም አይሄድም፣ ወይ እጅግ ሩቅ ይሄዳል። ሩቅ ከሆነ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ካልሆነም ወደ ሰበታ። ልጁ መስማት የተሳነው ቢሆን ደግሞ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ ኋላ ሆሳዕና። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ርቀት ታሪክ ነው።

ሆኖም ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ያለውን ዘመን ባዶ አድርገን አናስበው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አልነበረም። ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፤ ዜማውን ከየኔታ አፍ ይቀበላል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ቅኔውን በጭንቅላቱ ይቆጥራል። ይህ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት አይደለም፤ የሚያዩትም ተማሪዎች የሚማሩት እንደዚያው ስለ ነበር ነው። መጽሐፍ ውድ፣ ብራና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ትምህርቱ የጆሮና የቃል ትምህርት ነበር። ከዚህ የተነሣ በዜማና በቅኔ የተደነቁ፣ ደቀ መዝሙር ያፈሩ ዓይነ ስውራን መምህራን በየደብሩ ነበሩ። በሙስሊሙም ዘንድ እንዲሁ ነው። ቁርዓንን በቃል የሚይዝ ሃፊዝ ለመሆን ዓይን የግድ አይደለም። እንደ አብሬት ያሉ ትልልቅ የእስልምና ማዕከላት በበቀሉበት በጉራጌ ምድር፣ የተቀራውን ሰምቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚከበር ለእናንተ አልነግራችሁም።

ነገር ግን ያው ሥርዓት ለአንዱ ደግ፣ ለሌላው ጨካኝ ነበር። ሁሉም በጆሮ የሚገባ ከሆነ ጆሮው የማይሰማ ልጅ በምን በኩል ይግባ? ዳዊት ደጋሚው ዓይነ ስውር ሲከበር፣ መስማት የተሳነው ልጅ በዚያው ደብር ግቢ ውኃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ ሆኖ ይቀር ነበር። አእምሮው ያላደገ፣ መናገርም የዘገየበት ልጅማ ከነጭራሹ አይቆጠርም። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ይማር ነበር» ማለትም፣ «ድሮ ማንም አይማርም ነበር» ማለትም ልክ አይመስለኝም። ማን ይማራል የሚለውን የሚወስነው የልጁ ጉዳት ብቻ አልነበረም፤ የማስተማሪያው መንገድም ነው። ይህን ሐሳብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ የምንደርስበት የአካቶ ትምህርት ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ አውሮፓ አንድ ጊዜ ሻገር ብለን እንመለስ። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም በፓሪስ አቤ ደ ሌፔ የተባሉ ካህን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሰብስበው በእጅ ምልክት ማስተማር ጀመሩ። እዚያው ፓሪስ ውስጥ ቫለንቲን አዊ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 ለዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ ሉዊ ብሬል ነው። ብሬል የተወለደው በ1809 ነው። ሦስት ዓመት ሲሆነው በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት በመውጊያ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋ፤ ጉዳቱ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተሻገረና ጨለማ ሆነበት። ይህ ልጅ አድጎ በ1829 በስድስት ነጥቦች የሚጻፈውን ፊደል አሳተመ። ሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ነጥብ። ስድስቱ ነጥቦች ሲፈራረቁ 63 ዓይነት ቅርጽ ይሰጣሉ፤ ዓለም ሁሉ ዛሬም የሚጠቀመው በእሱ ነው።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ግን አንድ ክፉ ዘመን ገጠማቸው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 በጣልያን ሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ የዘርፉ መምህራን የእጅ ምልክት ይቅር፣ ልጆቹ ከንፈር እያነበቡ በአፋቸው እንዲናገሩ ብቻ ይደረግ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጆች በእጃቸው ስላወሩ ተቀጡ። ጉባኤው ይህን ውሳኔ በይፋ የሻረው በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር ነው። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በአፍሪካ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች የመሥራቾቻቸውን እምነት ይዘው ነው የመጡት፤ አንዱ አፍ ክፈቱ ሲል ሌላው እጅ አንሡ ይላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉ ጽሑፎች የዓይነ ስውራን ዘመናዊ ትምህርት መነሻ ብለው የሚጠቅሱት በወለጋ ደምቢ ዶሎ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን በ1917 ዓ.ም. የጀመሩትን ሥራ ነው። ከጣልያን ጦርነት በኋላ፣ በዘመነ ኃይለ ሥላሴ፣ የሰበታው መርሐ ዕውራን ተከፈተ። የወላይታ ኦቶና የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሥራ ነበር። በባኮም ሌላ ተቋቋመ፤ በአስመራም እንዲሁ። ኋላ ላይ በሻሸመኔ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከፈተች። መስማት ለተሳናቸው በከረን የስዊድን ሚሲዮናውያን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የተለያዩ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጀመሩ፤ የሆሳዕናው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አድማጮች፣ ከዚህ ዝርዝር ምን ይታያችኋል? አብዛኞቹ የሚሲዮን ነበሩ፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል አዳሪ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም በጣት ይቆጠር ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰፊ አገር!

መንግሥት ጉዳዩን ይመለከት የነበረው በተሐድሶና በርዳታ ዓይን ነው። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ድርጅት ሲቋቋም ዋናው ሐሳብ ለማኝ ከከተማ መንገድ ይነሣ፣ የሚችለው የእጅ ሙያ ይማር የሚል ነበር። መጥረጊያ መሥራት፣ ሽመና፣ የዘንቢል ሥራ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ግን ጣሪያው ዝቅተኛ ነበር። ጣሪያውን ከፍ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሠረተ፤ መስማት የተሳናቸውም አሥር ዓመት ቆይተው የራሳቸውን መሠረቱ። የፖለቲካ ፓርቲ በሌለበት፣ መደራጀት ራሱ በሚያስጠረጥርበት ዘመን የዓይነ ስውራን ማኅበር መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛው ብሬል ጥቂት ላስረዳችሁ፤ ብዙ ሰው አይቶት አያውቅም። ፊደላችን 33 መሠረታውያን ሆሄያት አሉት፤ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ብሬል ግን 63 ቅርጽ ብቻ ነው ያለው። እንዴት ይበቃል? መልሱ እያንዳንዱን ሆሄ ሁለት ላይ መክፈል ነው፤ አንዱ ቅርጽ ተነባቢውን፣ ቀጥሎ ያለው አናባቢውን ይይዛል። «ሰላም» በፊደል ሦስት ሆሄ ነው፤ በብሬል ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የብሬል መጽሐፍ የሚወፍረው አንድም በዚህ፣ ሌላም ወረቀቱ ወፍራም በመሆኑ ነው። አንድ የክፍል መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። መጻፊያው ስሌትና ስታይለስ ይባላል። ስሌቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው፤ ወረቀቱ በመካከሉ ይገባል፤ ስታይለሱ መውጊያ ነው። ልጁ ወረቀቱን የሚወጋው በጀርባው በኩል ነውና ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ከዚያ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃን ይህን በጥቂት ወራት ይለምዳል። የምናይ ሰዎች «አስቸጋሪ ነው» የምንለው ስላልሞከርነው ነው።

መስማት የተሳናቸውስ? የአገራችን የምልክት ቋንቋ ከአሜሪካው ብዙ ወርሷል፤ ነገር ግን አንድ የራሱ የሆነ ጥበብ አለው፤ የጣት ፊደሉ። ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። «ለ» የሚለውን ቅርጽ ይዘህ እጅህን በሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ስታንቀሳቅስ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ እስከ ሎ ይሄዳል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብለን በዜማ የቆጠርነውን ፊደል እነሱ በአየር ላይ ይቆጥሩታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ኑሮ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ጠብ ያለው እዚህ ነውና።

ልጁ ስድስትም ይሁን ስምንት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አባቱ ወይም አጎቱ እጁን ይዞ በጭነት መኪና ወይም በአውቶቡስ ይወስደዋል። ዓመቱ ሲዘጋ ይመለሳል፤ ገንዘብ ከሌለ አይመለስም። እዚያ ብሬል ይማራል፤ በነጭ በትር መሄድ፣ ልብሱን ማጠብ፣ አልጋውን ማንጠፍ ይማራል። እንደ እሱ ያሉ ልጆች ያገኛል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በመንደሩ እሱ ብቻ ነበረና። የሚበላውና የሚለብሰውም አያጣም። ብዙዎቹ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ገብተው ከሚያዩ ልጆች ጋር ቀጠሉ፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ደረሱ። ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ለዓይነ ስውር ጓደኞቻቸው ጮክ ብለው መጽሐፍ ሲያነቡ ማየቱ አይቀርም። ጠበቆች፣ መምህራን፣ የታሪክና የቋንቋ ባለሙያዎች የወጡት ከእነዚህ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነው። በቁጥራቸው ልክ ብናየው፣ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ይህን ያህል ያፈራ?

የጠፋውም ግን አለ። ከቸሃ ወጥቶ በኦቶና ያደገ ልጅ በአማርኛ ይማራል፤ በግቢው ወላይትኛ ይሰማል፤ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ይሳሳል። ለመስቀል ሲመጣ እንግዳ ነው። ወንድሞቹ ጓሮውን፣ የእንሰቱን ነገር፣ የመንደሩን ሸንጎ ሲለምዱ እሱ አልነበረም። መንደሩም እሱን አልለመደውም፤ ዓይነ ስውር ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚሠራ አላየም። ልጁ ተማረ፤ አካባቢው ግን ሳይማር ቀረ። እኔ የሩቁ ትምህርት ቤት ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ከመምህራኑ ስንፍና የመጣ ሳይሆን ከርቀቱ የመጣ ጉድለት።

የየትነበርሽ ንጉሤ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በደቡብ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። እናቷና አያቷ ወደ ሻሸመኔው ትምህርት ቤት ላኳት። በዚያ አገር ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር ትይዝ ነበር፤ እሷ ግን ለትዳር አትሆንም ተብላ ስለ ታለፈች መማር ቻለች። ይህን ራሷ በየመድረኩ ደጋግማ ተናግራዋለች፤ ዓይነ ስውርነቴ ከፈተልኝ እንጂ አልዘጋብኝም በሚል መንፈስ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከል የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ በመስከረም 2010 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘቷ ተነገረ። ድንቅ ነው። ግን እንደ እሷ በዚያው ዓመት በዚያው ወረዳ ዓይናቸውን ያጡት ሌሎቹ ልጆች የት ደረሱ? አዳሪ ትምህርት ቤት አንዷን ሊወስድ ይችላል፤ አሥሩን አይወስድም።

የኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነገር ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ መጣ። ዓይነ ስውሩና መስማት የተሳነው ማኅበር ሲያቋቁሙ የእነዚህ ልጆች እናቶች ገና በር ዘግተው ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እንደ አውሮፓውያን በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ ማዕከልን ከፈቱ፤ በቴሌቪዥን ወጥተው «ልጄ ነው» አሉ። ከሕንፃው ይልቅ ያ አደባባይ መውጣት ብዙ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ። ዘሚን በ2013 ዓ.ም. በሞት አጥተናቸዋል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

1986 ዓ.ም. ልብ የምንለው ዓመት ነው። በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ አካል ጉዳት ያለባቸውም እንደ ችሎታቸው ይማራሉ አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ በስፔን ሳላማንካ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ። አሳቡ አጭር ነው፤ ልጁ ለትምህርት ቤቱ እንዲመች አይታጠፍ፣ ትምህርት ቤቱ ለልጁ እንዲመች ይስተካከል፤ ይህም ልጁ በሚኖርበት ሰፈር ይሁን። አካቶ ትምህርት የምንለው ይህን ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። በ1998 የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የተሻሻለው፤ ቀጥሎ የአሥር ዓመት ዋና ዕቅድ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ይሁኑ አለ። በ2002 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። የፊንላንድ መንግሥት ለረጅም ዓመታት በዘርፉ ሲረዳ ቆይቷል፤ ሰበታ ላይ የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እንደ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ያሉ ምሁራን ዘርፉን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አድርገው አቆሙት።

ወረቀቱን አስቀምጠን ቁጥሩን እንይ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመቶ 1.09 ብቻ ነው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓውያን ባወጣው ትልቅ ዘገባ ለኢትዮጵያ ያስቀመጠው አኃዝ ግን ከመቶ 17.6 ነው። አሥራ ስድስት እጥፍ ልዩነት! ከፊሉ ከአጠያየቁ የመጣ ነው፤ «አካል ጉዳተኛ በቤት አለ?» ብሎ መጠየቅና «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ የሚቸገር አለ?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። ከፊሉ ግን ከጓዳ የመጣ ነው። ቆጣሪ በር ላይ ሲቆም ጓዳ የተቀመጠው ልጅ አይጠራም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስቴር አኃዞች እንደሚያሳዩት ለመጀመሪያ ደረጃ ከደረሱ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት ከመቶ 11 ገደማ ናቸው፤ በሁለተኛ ደረጃ ሦስትም አይሞሉም።

ታዲያ ልጁ ከሩቁ ትምህርት ቤት ቀርቶ እዚሁ በጉራጌ አገር፣ እምድብር ይማር ካልን ምን ምን ያስፈልጋል? ወንበር ስለ መጨመር አይደለም የማወራው። በክረምት ያለውን ቀይ ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ተሽከርካሪ ወንበር በዚያ ላይ አይሄድም። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መማሪያ ክፍል ያለው ስንት ደረጃ ነው? መጸዳጃ ቤቱስ? ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ። መስማት የተሳነው ልጅ በ60 ተማሪ መካከል፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ በሚያወራ መምህር ፊት ቢቀመጥ ተካቷል አይባልም። መዝገብ ላይ ስሙ አለ፤ ሲጠራ ጎረቤቱ «አለ» ይልለታል፤ ትምህርቱ ግን አጠገቡ አልደረሰም። አንዳንድ ሰው ይህንንም አካቶ ይለዋል፤ እኔ አልለውም።

ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የሚለውን ሐሳብ ስሰማ እፈራለሁ። የሆሳዕናው ዓይነት ትምህርት ቤት መስማት ለተሳነው ልጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ነገር ቋንቋ ነው። ቋንቋ ያለ ተናጋሪ አይለመድም፤ የምልክት ቋንቋም እንዲሁ። በቤቱ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ልጁ ከየት ያመጣዋል? የመብት ስምምነቱም አንቀጽ 24 ይህን አይቷል፤ ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ትምህርቱ በሚስማማቸው ቋንቋና ዘዴ፣ ይበልጥ በሚያድጉበት አካባቢ ይሰጥ ይላል። የእኔ አቋም እነዚህ አሮጌ ትምህርት ቤቶች ወደ ውጭ ይውጡ የሚል ነው፤ ብሬሉን፣ የምልክት ቋንቋውን፣ ልምድ ያለውን መምህር ይዘው ወደ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ይምጡ። የድጋፍ መስጫ ማዕከል የሚባለው አሠራር መነሻው ይኸው ነው፤ አንድ ማዕከል ትምህርት ቤት መሣሪያና ባለሙያ ይዞ በዙሪያው ያሉትን ያግዛል።

ለዚህ ደግሞ የጉራጌ ሰው ከሌላው ቢቀድም አያስገርመኝም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የነበሩ የአገሩ ተወላጆች፣ እንደ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ባሉ ሰዎች መሪነት፣ ገንዘብ አዋጥተው በመንገድ ሥራ ድርጅታቸው አማካይነት ወደ ወልቂጤና ወደ እምድብር፣ ወደ ሌላውም የጉራጌ አገር መንገድ አስወጡ፤ መንግሥትን ቁጭ ብለው አልጠበቁትም። ከመንገዱ ጋር ትምህርት ቤት ተሠራ። ያ ልማድ አልጠፋም፤ ዛሬም ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መዋጮ ይጠየቃል፣ ይሰጣልም። ለትምህርት ቤት አጥር ከሚሰጠው ላይ ለመወጣጫ ራምፕ የሚሆን ሲሚንቶ ቢነሳ፣ ለሁለት መምህራን የምልክት ቋንቋ ሥልጠና የሚሆን ቢነሳ ብዙ አይጎድልም። ደግሞ መስቀል ሌላም ጥቅም አለው። ዓመቱን ሙሉ ጓዳ የቆየው ልጅ ክትፎ ሲቀርብ ይወጣል፤ የከተማው አጎት ያየዋል። እባካችሁ እናንተ የከተማ አጎቶችና አክስቶች፣ ስታዩት ሳንቲም ሰጥታችሁ አትለፉት፤ ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝግጅታችን ከማለቁ በፊት ለወላጆች የሚሆን ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ሁሉም የዓይን ችግር ዓይነ ስውርነት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያት ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነበር፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ትራኮማ ከመቶ 11.5 ነው፤ ፊት በመታጠብ፣ በመድኃኒትና በወቅቱ በሚደረግ ቀላል ቀዶ ሕክምና ይከላከሉታል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ በወቅቱ ቢታከም መስማቱ ይድን ይሆናል። በእምድብር በኩል ያላችሁ አጣጥ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ በቡታጅራ በኩል ያላችሁ በዓይን ሕክምናው የሚታወቀውን ግራርቤትን አትርሱ። ልጁ ክፍል ውስጥ «ሰነፍ ነው» ከተባለ መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩት፤ ከፊት ወንበር መቀመጥ ብቻ የሚበቃው ልጅ አለ።

ሁለተኛው ምዝገባ ነው። በነሐሴና በጳጉሜን ልጆቻችሁን ስታስመዘግቡ ያንንም ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻውን አስቀርታችሁ «አንድ ሌላም አለኝ» አትበሉ። ርእሰ መምህሩ እዚህ የሚያስተምረው መምህር የለም ቢላችሁ ስሙ ይመዝገብና መምህር እንዲፈለግለት ጠይቁ። መምህር የሚመደበው የተመዘገበ ልጅ ሲኖር ነው፤ ያልተመዘገበ ልጅ ከዕቅዱም ከበጀቱም ውጭ ነው። ከዚያ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት የሚመለከተውን ባለሙያ በስሙ ጠይቁ። ጎረቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ሁለትና ሦስት ወላጆች አንድ ላይ ሲመጡ የቢሮ በር ቶሎ ይከፈታል።

ሦስተኛውን ዛሬ አልጨርሰውም። መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች በቤታቸው ሊጀምሩባቸው የሚችሉ የዕለት ተዕለት ምልክቶች አሉ፤ ውኃ፣ ምግብ፣ ና፣ ቆይ፣ ያምሃል ወይ የሚሉት። በሬዲዮ ምልክት ማስተማር እንዴት ይቻላል ትሉኝ ይሆናል። እጅ የት እንደሚነሣ፣ ጣት እንዴት እንደሚታጠፍ ቀስ እያልኩ እነግራችኋለሁ፤ ከልጃችሁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አብራችሁ ትሞክሩታላችሁ። እሱ ሳምንት በዚሁ ሰዓት ነው።